የምርጫ ክልልን ካርታ ፍርድ ቤት አይሥለውም

ወንድሜ፣ «ፒያሳ ፈርሶ ሰዉ ስለተበተነ የአራዳ ምርጫ ክልል ተሰርዟል፤ እንደ አሜሪካ ፍርድ ቤት አዲስ ካርታ ይሣልልን» ያልከውን ብዙ ሰው ያምነዋል። ግን ስህተት ነው።

የምርጫ ክልል ከክፍለ ከተማ ጋር አንድ አይደለም። ሰፈር ስለፈረሰ ወይም እንደ ለሚ ኩራ አዲስ ክፍለ ከተማ ስለተቋቋመ ብቻ ወሰኑ አይነቃነቅም። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 103 እየው፦ ምርጫ ቦርድ ሐሳብ ያቀርባል፣ የሕዝብ ቆጠራን ውጤት ይዞ ወሰኑን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ቆጠራው በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የመጨረሻው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው! የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። ያኔ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የተቆጠሩ ጎረቤቶቼ ዛሬ ገላን ጉራ ሰፈር ናቸው።

አሜሪካንም በትክክል እንጥቀስ። በ1968 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ የሚድላንድ ካውንቲ (የአካባቢ መስተዳድር) የፍርድ ቤት ጉዳይ፣ 67,906 ሰው የሚኖርበት የከተማው ክልል አንድ ተወካይ ነበረው፤ 852፣ 414 እና 828 ሰው ያላቸው ሦስት የገጠር ክልሎችም አንድ አንድ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የምርጫ ክልሎች የሕዝብ ቁጥር ተቀራራቢ ይሁን የሚለው መርሕ በአካባቢ መስተዳድርም ይሠራል አለ እንጂ መስመሩን ራሱ አላሰመረም።

የእኛ ፍርድ ቤቶች በምርጫ ጉዳይ ሥልጣን የላቸውም ማለቴ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የታሰሩ የባልደራስ ፓርቲ ዕጩዎች እንዲመዘገቡ ወስኗል። የወሰን ጥያቄ ያለው ሰው ግን አቤቱታውን ለምርጫ ቦርድና ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይጻፍ።