ከዳኑብ ዳር ሆኖ ጀጎልን ማሰብ

ደቡብ ጀርመን ውስጥ፣ ሬገንስቡርግ ላይ፣ ዳኻውፕላትስ ከሚባለው አደባባይ አጠገብ ባለው የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ውስጥ የሮማውያን የጦር ሰፈር ቅጥር ቆሟል። ሰፈሩ የተሠራው በንጉሠ ነገሥቱ ማርቆስ አውሬሊዎስ ዘመን፣ በ179 ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሰሜኑ በር ለዘመናት በሌላ ግንብ ተሸፍኖ ኖሮ በ1885 ተገኘ።

ሮማውያን ከሄዱ በኋላም ከተማዋ አልጠፋችም። የባቫሪያ መሳፍንት መቀመጫ ሆነች፤ ነጋዴዎቿ በለጸጉ፤ በ12ኛው መቶ ዘመን ዳኑብን የሚያሻግር የድንጋይ ድልድይ ተሠራ፤ እስከ ዛሬ ሰው ይሄድበታል። ኋላ ላይ የመካከለኛው ዘመን ቅጥር አብዛኛው ፈርሶ ቦታው የዛፍ መናፈሻ ሆነ።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1519 የከተማው ሹማምንት አይሁዶችን አባረሩ፣ ምኩራባቸውን አፈረሱ፣ በቦታውም የማርያም ጸሎት ቤት አቆሙ። ዛሬ ኖይፋርፕላትስ በሚባለው አደባባይ ላይ፣ ኋላ ከተሠራው ቤተክርስቲያን ጎን፣ የዚያ ምኩራብ መሠረት በነጭ ኮንክሪት ተቀርጾ ይታያል፤ ሥራው የእስራኤላዊው ቀራጺ የዳኒ ካራቫን ነው። ሰው ተቀምጦ ምሳውን ይበላበታል፣ ልጆች ይዘሉበታል። በ1945 ደግሞ ከተማዋ ያለ ውጊያ እጇን እንድትሰጥ በአደባባይ የተማጸነውን የካቴድራሉን ሰባኪ ዮሃን ማየርን ናዚዎች ሰቀሉት። የሰቀሉት እዚያው ዛሬ ዳኻውፕላትስ በሚባለው አደባባይ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ አሜሪካኖች ያለ ውጊያ ገቡ። ልጅ ይዞ የሚያልፍ ወላጅ ይህን ሁሉ እዚያው ቆሞ ሊነግረው ይችላል።

ሬገንስቡርግና ሐረር ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በአንድ ዓመት፣ በ2006 ነው። በአንድ ነገር ጀጎል ትበልጣለች፦ በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ያጠናከሩት ግንብ ከነበሮቹ ዙሪያዋን እንደከበበ አለ፤ ውስጡም ሰው ይኖርበታል፣ ይነግድበታል፣ ይጸልይበታል። የሐረሪ ቤት ነደባ (ሰው የሚቀመጥበት መደብ) ቀይ የሚቀባው በ1887 የምኒልክ ጦር የሐረርን ጦር ድል ባደረገበት በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። ይህን ትዝታ ያቆዩት በየዓመቱ ቤታቸውን የሚያድሱ እናቶች ናቸው። ክብር ይገባቸዋል።

ግን ትዝታው ከቤት ሲወጣ ምን ያገኘዋል? እዚህ ስደት ላይ ከተለያየ ወገን የመጣን ሰዎች ቡና ላይ ተቀምጠን ጨለንቆ ከተነሳ ወይ ጠብ ይሆናል፣ ወይ አንዱ ወሬ ይቀይራል። ግብጾች ሐረርን በያዙበት ዘመን ያሠሩት መስጊድ በነበረበት ቦታ፣ ፈረስ መጋላ ላይ፣ ከምኒልክ ድል በኋላ የመድኃኔዓለም ቤተክርስቲያን እንደታነጸ ያወቅሁት አድጌ፣ አገሬን ለቅቄ ነው። ትምህርት ቤት አልነገሩኝም። ይህን መናገር ምኒልክን መስደብ፣ ቤተክርስቲያኑንም መንካት የሚመስላቸው ወገኖች አሉኝ፤ እኔ እንደዚያ አላየውም። ሬገንስቡርግ የምኩራቡን መሠረት ስታሳይ ቤተክርስቲያኗን አላፈረሰችም፤ እሁድ ጠዋት ደወሉ ይደወላል፣ ምእመናኑም ነጩን ኮንክሪት አልፈው ይገባሉ።