መድኃኒቱ የት ላይ ተቆረጠ?

እማዬ ማታ ማታ ኢንሱሊኗን ስትወጋ ጥያቄዋ አንድ ነው። «ይሄን ነገር በኪኒን መሥራት እንዴት አቃታቸው?» ፕሮቲን እኮ ነው፣ ሆድሽ ከሽሮው ለይቶ አያየውም እላታለሁ። ደም ውስጥ የገባውም ቢሆን ግማሹ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ጉበትና ኩላሊት እየለቀሙ ይሰባብሩታል።

የፕሮቲን መድኃኒት ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ዕጣ ፈንታው በእንስሳት ላይ ይጠናል። ቅሬታዬ እዚህ ጋ ነው። ብዙ ጊዜ የሚለካው ደም ውስጥ ስንት ቀረ የሚለው ነው። የት ላይ ተቆረጠ፣ ቁራጩስ ምን ይሠራል የሚለው ይዘለላል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው አይሲኤች ኤስ6 የተባለ ዓለም አቀፍ መመሪያም በሩን ከፍቶታል። ፕሮቲን መጨረሻው አሚኖ አሲድ የሚባሉት መገንቢያዎቹና የእነሱ አጫጭር ሰንሰለቶች (ፔፕታይድ) ስለሆነ፣ ለተራ ኪኒኖች የሚደረገው ዓይነት የስብርባሪ ጥናት አያስፈልግም ይላል። ለኢንሱሊን ያስኬዳል። ለዛሬዎቹ መድኃኒቶች ግን አይበቃም ባይ ነኝ።

ጂኤልፒ-1ን እንውሰድ። ስንበላ አንጀታችን የሚለቀው ሆርሞን ነው። ዲፒፒ-4 የተባለ ኢንዛይም ከ30 አሚኖ አሲዶቹ ከጫፍ ሁለቱን ብቻ ይቆርጥበታል። በቃ፣ ስኳር የመቀነስ ሥራው አበቃ። ግማሹ በ2 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ኦዜምፒክ በተባለው የስኳር መርፌ ውስጥ ያለውን ሰሚግሉታይድ የሠሩት ሰዎች ልክ ቢላው የሚያርፍበት ቦታ ላይ አንዷን አሚኖ አሲድ ቀየሩ። ከደም ፕሮቲን ጋር የሚያጣብቅ የስብ ጅራትም ቀጠሉበት። አሁን ግማሹ እስኪያልቅ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ቢላውን ያላየ ሰው ይህን ከየት ያመጣል?

ደም ውስጥ ያለን ፕሮቲን ለመለካት የተለመደው የኤላይዛ ምርመራ ደግሞ ፕሮቲኑን ሁለት ቦታ ላይ ይዞ ነው የሚቆጥረው። ቦታዎቹ ካልተነኩ ጫፉ የተቆረጠውንም ሙሉ ነው ሊል ይችላል። ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ ግን በክብደቱ ይለየዋል። እንስሳው አንዴ ለምርምር ከዋለ በኋላ ደሙ የሚናገረውን ሁሉ አለማዳመጥ ያሳዝነኛል።

አይጥ ላይ የተለካው ቁጥርም በቀጥታ ለሰው አይሆንም። በመድኃኒትነትም የሚሰጠውን አንቲቦዲ የተባለ የመከላከያ ፕሮቲን ከመሰባበር አድኖ ወደ ደም የሚመልሰው ተቀባይ በአይጥና በሰው ይለያያል። ጦጣ ለሰው ይቀርባል።

ለእማዬም መልሴን ቀይሬያለሁ። ሰሚግሉታይድ ከ2019 ጀምሮ በኪኒን አለ። አብሮት የሚሟሟው ስናክ የተባለ ንጥረ ነገር በኪኒኑ ዙሪያ ያለውን አሲድ ያበርዳል፣ የጨጓራው ኢንዛይምም እዚያች ቦታ ላይ ይደክማል። ከጨጓራ እንደሚመጠጥ የታየው በውሾች ላይ ነው። ደም ውስጥ የሚደርሰው 1 በመቶ ገደማ ቢሆንም ይሠራል።

ይሄን ስነግራት መርፌዋን እያስቀመጠች ቀና አለች። «የኔስ መቼ ነው?»