የተቃራኒ ቃላት ዝርዝር ለልጆቻችን እንግሊዝኛ አያስተምርም

ሰሞኑን በደብረ ማርቆስ በተደረገ የመምህራን ስብሰባ፣ የክረምቱ የማጠናከሪያ ትምህርት የእንግሊዝኛ ክፍል በተቃራኒ ቃላት ዝርዝር እንዲጀመር ተወስኗል። ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ ልጆች በየሳምንቱ አንድ ገጽ ጥንድ ቃላት ሸምድደው ዓርብ ዓርብ ይፈተናሉ። ሐሳቡን ያቀረቡት ኃላፊ ለመምህራኑ የሰጡት ምክንያት «ልጁ በአንድ ድካም ሁለት ቃል ያገኛል» የሚል ነው።

አያገኝም! በዚህ መንገድ ቃል የሚገኝ ቢሆን ኖሮ፣ ተቃራኒ ሲያጠኑ ያደጉ ልጆቻችን ዘጠነኛ ክፍል ገብተው ባዮሎጂና ፊዚክስ በእንግሊዝኛ ሲቀርብላቸው አፋቸው ባልተያዘ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ዝርዝር ላይ አልጭንም። ዝርዝሩን በቃሉ ያነበነበ፣ ጥያቄውን ግን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ ከወደቁት ውስጥ የለም የሚለኝ መምህር ካለ ግን ይምጣና ይከራከረኝ።

«ቦሮው» እና «ሌንድ» የሚሉትን ቃላት በአንድ ቀን ያጠናን ልጅ ከሳምንት በኋላ ጠይቁት። ነገሩ ስለ ብድር መሆኑን ያውቃል። የትኛው መበደር፣ የትኛው ማበደር እንደሆነ ግን ይምታታበታል፤ አንዱን ሲጠራ ሌላው ይቀድመዋል። ነጭና ቀይ ጤፍ አብሮ የዘራ ገበሬ ሰርገኛ ነው የሚያጭደው። ቲንክሃም የተባለው ተመራማሪ በ1993 እና በ1997፣ ዋሪንግ ደግሞ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ በትርጉም የሚዛመዱ አዳዲስ ቃላትን አንድ ላይ ማጥናት የማይዛመዱትን ከማጥናት ይበልጥ እንደሚያስቸግር አሳይተዋል። በቃላት ትምህርት ስሙ የሚጠራው የኒውዚላንዱ ፖል ኔሽን እንዲህ ላሉ ተዛማጅ ቃላት፣ ተቃራኒዎችንም ጨምሮ፣ መጀመሪያ ይበልጥ የሚያገለግለው ቃል ብቻውን ይጠና፣ ጓደኛው ቆይቶ ይምጣ ሲል መክሯል። ይህ ምክር ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከሁሉ የባሰው ግን ለዚህ ሽምደዳ ድጋፍ «ጎጃም በቃል ያጠና አገር ነው፤ የኔታም በቃል ነው ያስተማሩን» የተባለው ነው። የቅኔ ቤትን ስም ለዚህ ነገር መጥራት ድፍረት ነው። የቅኔው ቋንቋ ግእዝ በጎጃም ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች፣ ለዋሸራ፣ ለጎንጅም ሆነ ለዲማ ጊዮርጊስ ተማሪ የእናት ቋንቋ አልነበረም፤ ልክ እንግሊዝኛ ለልጆቻችን እንዳልሆነ ሁሉ። ታዲያ በምን ተማሩት? ግስ፣ ማለትም የግእዝ ቃላት ከነትርጉማቸው፣ በቃል መያዙ እውነት ነው። ነገር ግን ተማሪው ግሱን ይዞ አይቀመጥም፤ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ራሱን በደበሎ ሸፍኖ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም ይደርሳል። ቃሉ ከቤቱ (ከስንኙ)፣ ከምሥጢሩና ከዜማው ጋር ካልተስማማለት ሌላ ይፈልጋል፤ ከዚያ በመምህሩ ፊት ይነግራል፣ ይታረማል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና፣ ቀስ በቀስ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ። ማንም የኔታ ተማሪውን «የዚህ ግስ ተቃራኒ ምንድን ነው?» እያሉ መርቀው አላሰናበቱም። የመረቁት ቃሉን ለራሱ ሐሳብ ያዋለውን፣ ሰሙን ከወርቁ የለየውን ነው። የሸመደደው ግስ በማግስቱ ሥራ ላይ ይውል ነበር። የእኛ ልጅ የሸመደደው ጥንድ ዓርብ ተፈትኖ ቅዳሜ ይረሳል። የቅኔ ቤቱን ሽምደዳ ወስደው ቅኔውን ጥለው ሲያበቁ «ባህላችን ነው» ይሉናል።

ዝርዝሩ ራሱም ያሳስታል። የ«ኦልድ» ተቃራኒ «ኒው» ነው ይላል። ለልብስ ልክ ነው፤ ለሰው ግን «ያንግ» ነው የሚባለው። «ላይት» ለሸክም ሲሆን ተቃራኒው «ሄቪ»፣ ለቀለም ሲሆን «ዳርክ» ነው። እንደ «ኢን» ባለ መነሻ ቅጥያ ተቃራኒ ይመሠረታል ተብሎ የተማረ ልጅ ደግሞ «ኢንቫልዩብል» የሚለውን ቃል ሲያገኝ «ዋጋ የሌለው» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ቃሉ ግን እጅግ ውድ ማለት ነው።

ፈተና ላይ ተቃራኒ ይጠየቃል ይሉኛል። ይጠየቅ። ቃሉን በዓረፍተ ነገር የሚያውቅ ልጅ ተቃራኒውን ከአራት ምርጫ ለይቶ ማውጣት አያቅተውም። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው የከረሙ ናቸው፤ ያላቸውን አንድ ክረምት የሚያባክንባቸው ሰው ሊጠየቅ ይገባል።

የዝርዝሩ ጥራዝ ታትሞ ስለተሠራጨ ይሰብሰብ ብል ሰሚ እንደማላገኝ አውቃለሁ። ስለዚህ የምለምነው መምህራኑን ነው። ከየጥንዱ ይበልጥ የሚያገለግለውን ቃል ምረጡ፣ ሌላውን በወረቀት ሸፍኑት። ልጁ በመረጣችሁለት ቃል ስለ ቤቱ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ከብቶቹ የራሱን ዓረፍተ ነገር ይሥራ፤ የዓርቡም ፈተና ይኸው ይሁን። የተሸፈነው ዓምድ ለመስከረም ይቆይ፤ ያኔም የመጀመሪያውን ቃል ሳያመነታ ለሚጠቀምበት ልጅ ብቻ ይገለጥ።