የለውዝ ቅቤ ከመፈጨቱ በፊት ይለቀማል

ጾም በገባ ቁጥር የለውዝ ቅቤ በብዙ የከተማ ቤቶች ገበታ ላይ ይወጣል። ልጆች ዳቦ ላይ ይቀቡታል፤ አዋቂዎች በትኩስ ውኃና በስኳር በጥብጠው የለውዝ ሻይ ይጠጡበታል። ብልቃጡ ግን ብዙ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ባቢሌን የመሰለ የለውዝ አገር በምሥራቅ ሐረርጌ እያለን በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ብልቃጥ ስናነሳ ያንገበግበኛል።

የለውዝ ቅቤ እኮ ተቆልቶ የተፈጨ ለውዝ ነው። የፍሬው ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ የሚያለሰልሰውን ከራሱ ያወጣል። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስም የሚሸጥ ምግብ ቢያንስ 90 በመቶው ለውዝ እንዲሆን ደንቡ ያስገድዳል። የቀረው በአብዛኛው ስኳር፣ ጨውና የለውዙ ዘይት ወደ ላይ እንዳይንሳፈፍ የሚይዝ የረጋ የአትክልት ዘይት ነው። ይህ የረጋ ዘይት የሚጠቅመው ብልቃጡ መደርደሪያ ላይ ወራት እንዲቆይ ለሚፈልግ ነጋዴ ነው። በሁለት ሳምንት ጠርጎ የሚበላ ቤተሰብ በማንኪያ ቢያማስለው ይበቃዋል።

እኔ አንድ ኪሎ ጥሬ ለውዝ ለስለስ ባለ እሳት እቆላለሁ። ገለባው በእጅ ሲታሽ መልቀቅ ሲጀምር አውርጄ፣ አሽቼ፣ በሰፌድ አበጥሬ፣ ሙቀቱ ሳይወጣለት እፈጨዋለሁ። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፤ ቀጥሎ ይጓጉላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ውኃ ይጨምርበታል። ውኃ ጨርሶ አይገባበትም፤ ያጠጥረዋል፣ ለሻጋታም ያጋልጠዋል። ማሽኑን እያሳረፉ መፍጨት ነው። ዘይቱን ሲለቅ በድንገት ይላላና ይወርዳል። ቁንጥር ጨው ይበቃዋል፤ ሁለት መካከለኛ ብልቃጥ ይሞላል።

ይሁንና «የቤት ስለሆነ ንጹሕ ነው» የሚለውን አባባል አልቀበልም። ለውዝ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች የተበከለ የለውዝ መኖ በልተው ካለቁ በኋላ በተደረገ ምርመራ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲበላ የጉበት ካንሰር ያመጣል። መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ስለዚህ ዋናው ሥራ መልቀም ነው። እናቶቻችን ምስርና ሽምብራ ሲለቅሙ የነበራቸው ትዕግሥት እዚህ ላይ ያስፈልጋል። የተጨማደደው፣ የጠቆረው፣ የሻገተው፣ ነቀዝ የገባበት ሁሉ ይጣል። ከተቆላና ገለባው ከወለቀ በኋላ ደግሞ እንደገና ይለቀም፤ መልኩ የተለወጠ ፍሬ ያኔ ይበልጥ ይለያል። ዓይን የማያየው መርዝ እንዳለ አውቃለሁ። ለዚህም ነው ተሰባብሮ ወይም ተፈጭቶ የሚሸጥ ለውዝ የማልገዛው፤ ብልሹው ከደኅናው ጋር ከተደባለቀ በኋላ ለቃሚ ምን ያደርጋል?

አንድ ነገር ልጨምር። በጤና ጣቢያ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው የለውዝ ምግብ የወተት ዱቄት፣ ቫይታሚንና ማዕድን በልክ የተቀመጠበት ሕክምና ነው። በቤት የተሠራው እሱን አይተካም።

ጊዜ የለንም ለሚሉ፣ ከመልቀም እስከ መፍጨት የሚፈጀው ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም፤ ልጆችም ሲለቅሙ ያግዛሉ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ገበያው ነው። ሻጩ ሁሉ «የባቢሌ ነው» ይላል። መቼ እንደተሰበሰበ፣ በደንብ ደርቆ እንደሆነ፣ ለመፈልፈል እንዲቀል ውኃ ተርከፍክፎበት እንደሆነ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። ለቡናችን የምንጠይቀውን ያህል ለለውዛችንም መጠየቅ አለብን። ይህ የተጻፈበት ጆንያ ባገኝ ብር ጨምሬ እገዛለሁ።