ስምንቱ እርከን

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴን ጨርሼ የትምህርት ክፍል ምደባ በተለጠፈበት ዕለት ስሜን በሕግ ዝርዝር ውስጥ ፈልጌ አጣሁት፤ በምጣኔ ሀብት ዝርዝርም አልነበረም፤ በሒሳብ አያያዝ ዝርዝር ላይ የሞክሼዬን ስም አግኝቼ ለአፍታ ያህል ከተደሰትኩ በኋላ የአያቱ ስም የእኔ አያት አለመሆኑን አረጋገጥኩ። በመጨረሻ ራሴን ያገኘሁት ከግድግዳው ጥግ፣ ግማሹ በዝናብ በራሰ ወረቀት ላይ፣ «ገጠር ልማት» ከሚለው ርእስ ሥር ነው። ጮቄ ተራራ ሥር ተወልጄ፣ ከገጠር ለመውጣት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስማር ኖሬ፣ ወጣሁ ባልኩበት ሰዓት ገጠርን እንድማር ተመደብኩ።

ዜናውን ለአባቴ በስልክ ነገርኳቸው። «ምን ደረሰህ?» አሉኝ፣ ዕጣ የወጣልኝ ይመስል። ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። «አለሁ» አሉ፤ «ገጠርን ለመማር ነው እንዴ ከተማ የወረድከው?» እናቴ ከጎናቸው ሆና «ሲመረቅ ምን ይሆናል? ጠይቁት እንጂ!» ስትል ይሰማኛል። ጎረቤታችን ያለችው ልጅ ሕክምና ስለደረሳት እናቷ ከወዲሁ የዶክተር እናት መባል ጀምራለች፤ የእኔ እናት የምን እናት እንደምትባል ግን እስከ ዛሬ ድረስ አልተወሰነም።

የመጀመሪያው ትምህርት «ገጠር ምንድን ነው?» የሚል ነበር። መምህራችን ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ወደ እኛ ሲዞሩ፣ ከጫማችን ላይ የአገራችን ጭቃ ገና ያልረገፈ አብዛኞቻችን አንገታችንን ደፋን፤ የተወለድንበትን ነገር ትርጉም የሚያውቅ አልተገኘምና። ጥያቄው ሦስት ሳምንት ወሰደብን። ከሦስቱ ሳምንታት ውስጥ እስካሁን ከአእምሮዬ ያልጠፋው የስታቲስቲክሱ ትርጓሜ ነው፤ በእርሱ መሠረት 2,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያለበት ሰፈር ከተማ ይባላል፤ የአስተዳደር ማዕከል የሆነ ደግሞ ቁጥሩ ባይሞላም ከተማ ነው። እንግዲህ 1,999 ነዋሪዎች ያሏት መንደር ገጠር ሆና አምሽታ፣ ሌሊት አንዲት ወላድ በሰላም ስትገላገል ከተማ ሆና ልትነጋ ትችላለች ማለት ነው። ይህን ለአባቴ ባጫወትኳቸው ጊዜ «ታዲያ ለቅሶ የሆነ እንደሆነ ተመልሳ ገጠር ልትሆን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄውን ለመምህሬ ባቀርበው «እርሱ በሚቀጥለው ሴሚስተር ይደርሳል» አሉኝ። አልደረሰም።

ካስተማሩን ሊቃውንት መካከል ልቤን የነካው እንግሊዛዊው ሮበርት ቻምበርስ ነው። ይህ ሰው ገጠርን እናውቃለን የሚሉ ባለሙያዎች የሚያውቁት አስፋልት ዳር ያለውን፣ በበጋ የሚደረስበትን፣ ፕሮጀክት የገባበትንና ቀድሞ ሻል ያለውን ገበሬ ደጃፍ ብቻ መሆኑን እየዘረዘረ ገሥጿል። እርሱን በተማርን በሁለተኛው ሳምንት የመስክ ጉብኝት ወጣን። ወሩ ጥር ነው። አውቶቡሱ አስፋልቱን ሳይለቅ፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት ላይ የፕሮጀክት ሰሌዳ ከተተከለበት የአንድ ሞዴል አርሶ አደር ግቢ አጠገብ ቆመ። አርሶ አደሩ «ድሮ በጎተራዬ ውስጥ አይጥ እንኳን ጾሟን ታድር ነበር» በሚል መግቢያ ጀምረው፣ አንድም ቦታ ሳይደነቃቀፉ እስከ ቆርቆሮው ቤት ድረስ አደረሱን፤ ከእኛ በፊት የሄዱት ተማሪዎች ንግግሩን በቃላቸው ያውቁት ስለነበር የት ቦታ ላይ እንደሚሳቅ አስቀድመው ነግረውን ነበርና በሰዓቱ ሳቅን። ተመልሰን ስንሳፈር አንድ ጓደኛችን ደፍሮ «መምህር፣ ቻምበርስ አታድርጉ ያለው ይኼንኑ አይደለም ወይ?» ቢላቸው፣ «አዎን፤ ንድፈ ሐሳቡን በተግባር አሳየናችሁ» ብለው መለሱለት።

አሳታፊ የገጠር ዳሰሳ የሚባለውን ዘዴ የተለማመድነው በዚያው ሰሞን ነው። ገበሬው የመንደሩን ካርታ በአመድ መሬት ላይ ይሥላል፤ ችግሮቹንም በባቄላ ፍሬ እየቆጠረ በደረጃ ያስቀምጣል። ዘዴው መልካም ነው፣ ያልተማረውን ሰው ከወረቀት ጭንቀት ያወጣዋል፤ ነገር ግን ቻምበርስ ስለ ዶሮ የጻፈው ነገር ካለ እኛ አልተማርነውም። ሽማግሌዎቹ ተከራክረው፣ ተማክረው፣ ባቄላውን ከምረው እንደጨረሱ አንዲት ጉልበታም ዶሮ መጥታ «የንጹሕ ውሃ እጥረት» ከሚለው ክምር ላይ አብዛኛውን ለቀመችው። በቡድናችን ሪፖርት ላይ የዚያ መንደር የውሃ ችግር በአመርቂ ሁኔታ ቀንሶ የታየው በዚህ ምክንያት ነው።

የመመረቂያ ጥናቴን በተወለድኩበት ቀበሌ እንድሠራ የወሰነው የመጓጓዣ ገንዘቡ ማነስ ነበር። ርእሱ «የአካባቢ አስተዳደርና የአርሶ አደሮች ተሳትፎ» የሚል ሲሆን፣ በናሙና አወጣጡ ሕግ መሠረት የወጣው የመጀመሪያ ዕጣ የአባቴ ስም ሆነ። ምሽት ላይ ከምድጃው አጠገብ መጠይቁን ዘርግቼ ተቀመጥኩ።

«የቤተሰቡ ኃላፊ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፤ ጻፍ» አሉ አባቴ፣ እናቴን በዓይናቸው ካስፈቀዱ በኋላ።

«ስንት የቀንድ ከብት አለዎት?»

«አንተ አይደለህ እንዴ እረኛቸው የነበርከው?»

«አውቃለሁ አባባ፤ ጥናቱ ግን ከእርስዎ አፍ መስማት ይፈልጋል።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወረቀቱ የት ነው የሚሄደው?»

«ዩኒቨርሲቲ።»

«እንግዲያው ሁለት በል።» በሬዎቹ ብቻቸውን አራት ነበሩ፤ እኔም የተጠያቂውን መልስ መለወጥ የምርምር ሥነ ምግባር ስለማይፈቅድልኝ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ስታቲስቲክስ በአንድ ሌሊት እንዲህ ሆኖ ቀረ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ በየሪፖርቱ ስለ እንስሳት ሀብት የሚሰፍረውን አኃዝ ባየሁ ቁጥር የሌሎችም አባቶች ድምፅ ዝቅ ሲል ይሰማኛል።

ከዚያ ወደ ሐሳብ መለኪያው ገባን። «በቀበሌው ውሳኔ አሰጣጥ ላይ በንቃት እሳተፋለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር አነበብኩላቸውና ከአምስቱ አንዱን እንዲመርጡ ጠየቅኳቸው፤ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አስተያየት የለኝም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም። አባቴ አምስቱንም ሁለት ጊዜ አስደግመው ካዳመጡ በኋላ «ሁሉም ልክ ነው» አሉ። «ሲጠሩን እስማማለሁ፤ ከስብሰባው ስንደርስ አስተያየት የለኝም፤ ወደ ቤት ስንመለስ በጣም አልስማማም።» ከአንድ በላይ መልስ የሚይዝ ሣጥን ስላልነበረኝ መሐል ያለውን ሞላሁ።

ስለ ቀበሌው ታሪክ ስጠይቃቸው ግን መጠይቁ ራሱ ተሰብስቦ አዳመጠ። እኛ ክፍል ውስጥ በአራት ሳምንት የተማርነውን የአካባቢ አስተዳደር ታሪክ አባቴ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ጨረሱት። ልጅ ሳሉ አባታቸውን ጭቃ ሹሙ ሲጠራቸው አይተዋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር ገደማ መሬት ላይ ገበሬ ማኅበር ሲቋቋም፣ እርሳቸው ጎረምሳ ሆነው መሬቱ በገመድ ሲለካ የገመዱን ጫፍ ይዘዋል። ከዚያም ቀበሌው መጣ፣ ካቢኔው መጣ፣ የልማት ቡድኑ መጣ፣ አንድ ለአምስቱ መጣ። «የሚጠራን ሰው ተቀያየረ እንጂ» አሉ ስኒያቸውን እያስቀመጡ፣ «የምንጠራበት ሾላ ያው ነው።»

እኔም የተማርኩት ከንቱ አለመሆኑን ለማሳየት ያህል የአርንስታይንን መሰላል አወጣሁ። ሼሪ አርንስታይን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 የሕዝብን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስላዋለች። ከታች ማታለልና ማከም አሉ፤ እነዚህ ተሳትፎ ይምሰሉ እንጂ አይደሉም። ቀጥሎ ማሳወቅ፣ ማማከርና ማባበል ይመጣሉ፤ ለወጉ ያህል ናቸው። ከዚያ በላይ አጋርነት፣ የውክልና ሥልጣንና፣ ከጫፍ ላይ፣ ዜጎች ራሳቸው የሚቆጣጠሩበት ስምንተኛው እርከን አለ። አባቴ ጸጥ ብለው አዳምጠው ሲያበቁ «ስምንት እርከን ብቻ ነው የሠሩት?» አሉኝ። «እኛ እኮ ያንን ተራራ ከግርጌው እስከ አናቱ ጨርሰነዋል፤ ለመሆኑ ማን ነው ያስተባበራቸው?»

ሊፈረድባቸው አይችልም። በእኛ አገር እርከን ማለት በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ገበሬው ያለ ክፍያ ወጥቶ፣ አፈሩ እንዳይታጠብ በየተዳፋቱ የሚክበው ድንጋይ ነው፤ እርከን ማለት ደግሞ ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል እየተባለ የሚቆጠረው የአስተዳደር ደረጃ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ሲደነግግ ይህንኑ ቃል ተጠቅሟል። አባቴ ከሁለቱ እርከኖች በቂ ሆኖ ያገኙት የድንጋዩን ነው። አሜሪካዊቷ መሰላሉን ስትሠራ ሰው እንዲወጣበት አስባ ይሆናል፤ በእኛ ቀበሌ ግን መሰላሉ በአብዛኛው የሚያገለግለው ለመውረጃ ነው። ዕቅዱ ይወርዳል፣ መመሪያው ይወርዳል፣ ኮታው ይወርዳል፤ «ከላይ የወረደ ነው» ከተባለ በኋላ የሚጠይቅ ሰው ካለ ስብሰባውን የሚያስረዝም ሰው ተብሎ ይታወቃል።

በጥናቱ ሰሞን በተካፈልኩበት አንድ ስብሰባ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ቀኑ የማርያም ዕለት ነበር፤ በበዓል ስለማይታረስ ለስብሰባ የሚመረጠው ቀን ይኸው ነው። መጀመሪያ የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ዞረ፤ ፊርማው ካለቀ በኋላ የሰብሳቢው ፊት ስብሰባው በሰላም የተጠናቀቀ ያህል ፈካ። ለአንድ ሰዓት ተኩል ስለ ማዳበሪያ ገለጻ ተሰጠ፤ ከዚያም «አስተያየት ያለው?» ተባለና ሦስት ሰዎች ተነሥተው ገለጻው ጥሩ እንደነበረ አስተያየት ሰጡ። አራተኛው ሰው ዋጋውን ጠየቀ። «እርሱን በሌላ መድረክ» ተባለ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ሦስተኛ እርከን፣ ማሳወቅ» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ፣ ዋጋው አለመነገሩን አስቤ ወደ ሁለተኛው አወረድኩት።

በማግስቱ ከአባቴ ጋር ወደ መስኖው ወረድን። ከጮቄ የሚወርደውን ወንዝ ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳ የማድረሱ ሥራ በእኛ አገር ከቀበሌ ይቀድማል፤ የሚመራውም የውሃ አባት በሚባል፣ ውሃ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው በሚመርጡት ሰው ነው። ተራውን እርሱ ያወጣል፤ የቦይ ጠረጋ ቀን ሲቆርጥ ያልመጣ ይቀጣል፤ ሌሊት የሰው ውሃ የሰረቀ የሚዳኘው በእርሱ ፊት ነው፤ ካዳላ ይሻራል። ቢሮ የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ አበልም ሲጠይቅ ተሰምቶ አያውቅም። በዚያ ጠዋት የላይኛውና የታችኛው ማሳ ባለቤቶች ተጣልተው ከፊቱ ቀረቡ፤ በቦዩ ዳር ተቀምጠው፣ ሁሉም ተናግሮ፣ ፀሐይ ሳትከር ተስማሙ። የስም መቆጣጠሪያ አልዞረም። ስምንተኛውን እርከን ከእግሬ ሥር፣ ጭቃ ውስጥ አገኘሁት።

በደስታ ወደ አማካሪዬ ሮጥኩ። ያነበቡት በጥሞና ነው፤ ሲጨርሱ «ግሩም ነው፤ ማጣቀሻህ የታለ?» አሉኝ። አባቴ እንደነገሩኝና በዓይኔ እንዳየሁ ገለጽኩላቸው። «አባትህ የት አሳትመዋል?» አሉኝ። ምዕራፉ ከሰባት ገጽ ወደ አንድ አንቀጽ ወረደ፤ በምትኩ ስለ አርንስታይን አምስት ገጽ ጨመርኩና በጥሩ ውጤት አለፍኩ።

ተመርቄ የሥራ ማስታወቂያ እየጠበቅኩ ቤት በከረምኩበት ኅዳር፣ አባቴ አመሻሽ ላይ ከጓሮው ዛፍ ላይ ያለውን ቀፎ ሊያዩ ተነሡ። «ና፣ መሰላሉን ያዝልኝ» አሉ፤ «የተማርከው እርሱን አይደል?» አጥብቄ ያዝኩላቸው። ጭሱን ይዘው እየወጡ መሐል ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ይኼ ስንተኛው ነው?»

ከታች ቆጠርኩ። «አራተኛው ነው አባባ፤ ማማከር።»

«እንግዲያው ላማክርህ፤ ማሩን ዛሬ ልቁረጠው ወይስ ይቆይ?»

በአራት ዓመት ትምህርት የመጀመሪያ ጊዜ ሐሳቤ ተጠይቆ ነበርና ነፋሱን አየሁ፣ ሰማዩን አየሁ፣ ንቦቹን አዳመጥኩ። «ለሳምንት ቢቆይ ይሻላል» አልኳቸው።

«ጥሩ አስተያየት ነው» አሉ አባቴ ወደ አምስተኛው እየተራመዱ፤ «ቅሉን አቀብለኝ።»