ቦኖ እናቱን በስሟ ሲጠራ

የአየርላንዱ ሮክ ባንድ የዩቱ አድናቂዎች ለሁለት ተከፍለው መከራከር ከጀመሩ ቆይተዋል። አንደኛው ወገን ስለ ባንዱ ድምፃዊ ሲያነሳ «ቦኖ አርጅቷል፤ አሁን የሚዘፍነው ስለ ራሱ ብቻ ነው» ይላል። ስለ እናቱ፣ ስላደገበት ሰፈር፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሕመሙ። ሌላው ወገን «ታዲያ በዚህ ዕድሜው ስለ ምን ይዝፈን? እውነቱን እኮ ነው የሚነግረን» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩን ያጦፉት ባንዱ በ2014 እና በ2017 ያወጣቸው ሁለት አልበሞች ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

በዚህ ክርክር የሚያበሳጨኝ አንድ ነገር አለ። ሁለቱም ወገኖች ቦኖ በስተርጅና ወደ ራሱ ዞረ ብለው ያምናሉ። አንዱ በዚህ ይወቅሰዋል፣ ሌላው በዚህ ያመሰግነዋል። እኔ አልዞረም ባይ ነኝ። ከመጀመሪያው አልበም፣ ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ስለ ራሱ ነው የዘፈነው። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው።

ከታሪኩ እንነሳ። ቦኖን ወላጆቹ ያወጡለት ስም ፖል ሂውሰን ነው። በ1960 ደብሊን ተወለደ። በሴፕቴምበር 1974፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፣ የእናቱ አባት ሞቱ። ቀብሩ ላይ እናቱ አይሪስ ራሷን ስታ ወደቀች። አንጎሏ ውስጥ የደም ስር ፈንድቶ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 10፣ ሞተች። ሴዳርውድ ሮድ ላይ ያለው ቤት ውስጥ ሦስት ወንዶች ቀሩ፤ አባትየው፣ ታላቅ ወንድሙና እሱ። ቦኖ ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የአይሪስን ስም የሚያነሳ አልነበረም። ሁሉም ሐዘኑን በሆዱ ያዘ።

ቤት ውስጥ ያልተወራላት ሴት ታዲያ ዘፈን ውስጥ ገባች። የባንዱ የመጀመሪያ አልበም በ1980 ሲወጣ የሚከፈተው «አይ ዊል ፎሎው» በሚለው ዘፈን ነው። ጊታሩ ይቸኩላል፣ ድምፁ የጎረምሳ ነው፣ ሰው ይዘልበታል። ግን ስለ ሞተች እናቱ ነው። እናቱ ብትሄድ እከተላታለሁ የሚል ልጅ ነው የሚጮኸው።

የሁለተኛው አልበም ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። በ1981 ባንዱ አሜሪካ እየዞረ ሲዘፍን፣ ፖርትላንድ ከተማ ላይ የቦኖ ቦርሳ ጠፋ። የአዲሱ አልበም ግጥሞች ያሉት እዚያ ውስጥ ነበር። ቦርሳው የተመለሰለት በ2004 ነው። እናም ስቱዲዮ ሲገቡ ልጁ እጁ ላይ ምንም የለም። ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ አፉ ላይ የመጣለትን መዝፈን ጀመረ። ከእነዚያ ዘፈኖች አንዱ «ቱሞሮው» ነው። ቦኖ ዘፈኑ የእናቱን ቀብር የሚተርክ መሆኑን የተረዳው ከዓመታት በኋላ ነው። አስቡት፤ ወረቀቱ ሲጠፋ፣ ሳያስበው ከአፉ የወጣችው እሷ ናት።

በ1993 አንድ ዘመድ የድሮ ፊልም ላከለት። እናቱ በወጣትነቷ ሰርግ ላይ፣ ሎሚ ቀለም ያለው ቀሚስ ለብሳ ትታያለች። ከዚያም ዘፈን ወጣ፤ ስሙም «ሌመን» ነው። ዳንስ ቤት ውስጥ ሲጨፈርበት ስለ ማን እንደሆነ የጠየቀ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከአራት ዓመት በኋላም በሌላ ዘፈን እንደገና አነሳት፣ ያውም በኤሌክትሮኒክ ጩኸት መሃል።

እንግዲህ በ2014 ምን ተለወጠ? ስሟን ጠራ። ዘፈኑን «አይሪስ» አለው። ለዓመታት በሰም የሸፈነውን ወርቅ ገልጦ አሳየ። ያኔ ነው አድናቂው የተከፋፈለው።

ዘፈኑን አንዴ ጠጋ ብለን እንስማው። የሚጀምረው ጠፍቶ ከቆየ ኮከብ ዛሬም ብርሃን እየደረሰን መሆኑን በመናገር ነው። ቆንጆ ሐሳብ ነው፤ ግን ሌላ ጥሩ ገጣሚም ሊያስበው ይችላል። አንጀቴን የሚበላው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አይሪስ ባሕር ዳር ትጫወታለች። ልጇን በአሸዋ ትቀብረዋለች። ቀባሪው ማን እንደሚሆን እኛ እናውቃለን፣ እሷ አታውቅም። ቆየት ብሎ እናት ስትማረር የምትለውን ትለዋለች፤ አንተ ልጅ ትገድለኛለህ። ልጁም ይመልሳል፤ እኔ አልነበርኩም።

እዚህ መልስ ላይ ትንሽ እንቆይ። የ14 ዓመት ልጅ እናቱ ድንገት ስትሞትበት በሆዱ የሚይዘው ጥያቄ ይህ ነው። አስቸግሬያት ይሆን? በእኔ ተናዳ ይሆን? ማንም አልጠየቀውም፣ ማንም አንተ አይደለህም አላለውም። የቤቱ ሰው ዝም ብሏል። በ50ዎቹ ዕድሜው ላይ ያለ ሰው ነው ለዚያ ልጅ ጥብቅና የቆመለት። ይህን ራስ ወዳድነት የሚሉትን ሰዎች ልረዳቸው ሞክሬአለሁ፤ አልቻልኩም።

የእነሱ ጠንካራ መከራከሪያ ግን አለ፤ በደንብ ሊሰማ ይገባዋል። «የድሮው ዘፈን ለእኔም ቦታ ነበረው» ይላሉ። ስም ስላልተጠራ የራሴን እናት፣ የራሴን ፍቅር፣ የራሴን ስደት አስገባበት ነበር። አሁን በሩ ላይ የሌላ ሰው ስም ተጽፏል። ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ምሳሌ በ1987 የወጣውን፣ ስም ስለሌላቸው ጎዳናዎች የሚያወራውን ትልቁን ዘፈን ነው። እውነትም ማንም ሰው የራሱን አገር ሊያስገባበት ይችላል።

ግን ያ ዘፈን ከየት መጣ? ከአንዱ ምንጩ እኛ ቅርብ ነን። በ1985 ቦኖና ባለቤቱ አሊ ወሎ ውስጥ፣ አጅባር፣ በረሃብ የተጎዱ ሰዎች በተጠለሉበት ሰፈር ለሳምንታት በበጎ ፈቃድ ሠርተዋል። የዚህን ዘፈን ስንኞች የጫጫረው በኢትዮጵያ ቆይታው፣ አውሮፕላን ውስጥ ለማስታወኪያ በሚሰጥ የወረቀት ከረጢት ላይ ነው። ይህን የማያውቅ አድናቂ ዘፈኑ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል። ዓለም ሁሉ የእኔ ነው ያለው ዘፈን አንድ ሰው በአንድ ቦታ ካየው የተወለደ ነው። ቦኖ ራሱ ደግሞ ግጥሙን ያልተጨረሰ ረቂቅ ይለዋል። አድናቂዎቹ የሚያመልኩት ክፍተት፣ ለጸሐፊው ጊዜ አጥሮት የቀረ ክፍተት ነው። ዘፈኑን በጣም እወደዋለሁ። ግን «ለሁሉም የሚሆን ግጥም እንዲህ ነው የሚጻፈው» ብሎ እንደ ሕግ ማቅረብ አይሆንም።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። «ስለ ራሱ ይዘፍናል» ሲባል ባንዱ ውስጥ አራት ሰው መኖሩ ይዘነጋል። ባንዱ በ1976 የተመሠረተው ድራም መቺው ላሪ ማለን ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ለጥፎ ነው። ላሪም በ1978 እናቱን በመኪና አደጋ አጥቷል። ሁለቱን ልጆች ያቀራረባቸው አንዱ ነገር ይኸው ነው። «አይ ዊል ፎሎው» ላይ ድምፃዊው ስለ እናቱ ሲጮህ፣ ከኋላው ድራሙን የሚደበድበው ልጅም እናቱን የቀበረ ነው። ያ ዘፈን የማን ነው?

በ1991 አልበም ላይ ያሉትን የመለያየት ዘፈኖችም እንይ። በዚያን ጊዜ ትዳሩ የፈረሰበት ጊታሪስቱ ዘ ኤጅ ነው እንጂ ቦኖ አይደለም። ባንዱ ራሱም በርሊን ውስጥ ሊበተን ጫፍ ደርሶ ነበር። «ዋን» የተወለደው በዚያ ጭቅጭቅ መሃል ነው። ዘፈኑ የሚያወራው ስለ መለያየት ሆኖ ሳለ ሰዎች በሰርጋቸው ላይ ያስዘፍኑታል። ቦኖ በዚህ እንደሚደነቅ ተናግሯል። የግል የሆነ ግጥም በሩን ለሌላው ይዘጋል ለሚሉ፣ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

አሁን ወደ 2014ቱ አልበም ጥፋት ልምጣ፤ ጥፋት ነበረና። አልበሙ ሴፕቴምበር 9 ወጣ። አይሪስ የሞተችበት 40ኛ ዓመት ዋዜማ ማለት ነው። የወጣበት መንገድ ግን አፕል በሙዚቃ መሸጫው በአይቲዩንስ በኩል ለ500 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች ሳይጠየቁ በነፃ በመስጠት ነው። ሰው ጠዋት ስልኩን ሲከፍት ያልገዛው አልበም ተቀምጦ አገኘ። ቁጣው ከባድ ነበር። አፕል አልበሙን የሚያጠፋ ልዩ ገጽ እስከ መክፈት ደረሰ፤ ቦኖም በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አንድ ሰው በሕይወቱ ከጻፋቸው ግጥሞች ሁሉ ለስላሳውንና ስሱን እንደ ማስታወቂያ ወረቀት በየበሩ በተነው። ብዙ ሰው «አይሪስ»ን ሳይሰማው ጠላው። «ቦኖ ራሱን በግድ ይጭንብናል» የሚለው ስሜትም ከግጥሙ ይልቅ የመጣው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2017ቱ አልበም ግን ወቃሾቹ ጋ እቆማለሁ፤ ምክንያቴ ይለያል እንጂ። ገጣሚው ብሬንደን ኬኔሊ ለቦኖ «እንደሞትክ ሆነህ ጻፍ» የሚል ምክር ሰጥቶት ነበር። በ2016 መጨረሻ ደግሞ ቦኖ ከባድ የልብ ቀዶ ሕክምና አደረገ። ከዚያ የወጡት ዘፈኖች ለሚስቱ፣ ለልጆቹ፣ ለአድናቂዎቹ የተጻፉ ደብዳቤዎች ናቸው። ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ሲናገር እሰማለሁ። እዚህ መሆን አልነበረብኝም፣ መሞት ነበረብኝ ብሎ የሚጀምረው ዘፈን ይይዘኛል፤ እቅጩን ነውና። ግን አልበሙ ውስጥ ምክር ይበዛል። ራስህን አታሰናክል፣ ፍቅር ከሁሉ ይበልጣል፣ በርታ። እዚህ ላይ ቦኖ ጠፍቶብኛል። አሸዋው የለም፣ ቀሚሱ የለም፣ የእናት እርግማን የለም። ማንም አባት ለማንም ልጅ ሊለው የሚችለው ነው። ስለዚህ ችግሩ ስለ ራሱ መዝፈኑ አይደለም። እንዲያውም በእነዚህ ዘፈኖች ስለ ራሱ በበቂ አልዘፈነም።

በተቃራኒው ስለ አባቱ የዘፈነውን ተመልከቱ። ቦብ ሂውሰን ፖስታ ቤት የሚሠራ፣ ኦፔራ የሚወድ፣ ጥሩ ቴነር፣ ማለትም ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ፣ የነበረው ሰው ነው። ልጁን «ቴነር ነኝ ብሎ የሚያስብ ባሪቶን» ይለው ነበር፤ ባሪቶን ከቴነር ዝቅ የሚል የወንድ ድምፅ ነው። በኦገስት 2001 በካንሰር ሲሞት ባንዱ የኮንሰርት ጉዞ ላይ ነበር። ቦኖ ለአባቱ የጻፈውን ዘፈን ቀብሩ ላይ ዘፈነው። በ2004 አልበም ላይ ወጣ፤ በ2006 የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ተብሎ ግራሚ አገኘ። ዘፈኑ ሁለት ግትር ወንዶች ሲጣሉና ሲመሳሰሉ ያሳያል። አባት ያለው ሁሉ ይገባዋል።

ቦኖ ከ2022 ጀምሮ የሕይወት ታሪኩን የጻፈበትን መጽሐፍ ይዞ ብቻውን መድረክ ላይ ሲወጣም ይህንኑ ነው ያደረገው። ደብሊን አጠገብ ባለችው ዳልኪ፣ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ከአባቱ ጋር እሑድ እሑድ ይገናኙ ነበር። መድረኩ ላይ ሁለት ወንበር ያስቀምጥና አንዴ ራሱን፣ አንዴ አባቱን ይሆናል። አባትየው ሁልጊዜ የሚከፍተው አዲስ ነገር፣ የሚያስደነግጥ ነገር አለ ወይ በሚል ጥያቄ ነው። ልጁ የዓለም ዝነኛ ሆኖ፣ ለዚያ ጥያቄ የሚሆን መልስ ያጣል።

ድምፁ ወርዷል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። የ1987ቱን ከፍታ እንደ ድሮው አይደርስበትም። ባንዱ በ2023 አርባ ዘፈኖቹን በዝግታና ዝቅ ባለ ድምፅ እንደገና ሲቀዳ፣ አንዳንዶቹን ግጥሞችም ቀይሮ ጽፏቸዋል። ብዙ አድናቂ ተቆጣ። እኔ የአባቱ ፍርድ ትዝ አለኝ፤ ባሪቶን ነበር እኮ። በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚቀጥለውን አልበም ቢሠራ ደስ ይለኛል። ስለ ታላቅ ወንድሙም አንድ ዘፈን ብሰማ እወዳለሁ። እናቱን በዚያ ሴፕቴምበር ያጣው ቦኖ ብቻ አልነበረም፤ ያ ሌላው ልጅ ደግሞ ማይክሮፎን አልነበረውም።