ሥዕል የሒሳብ አሽከር አይደለም

ሥነ ጥበብ በትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ የሚሟገቱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ምክንያት ያሳዝነኛል። «ሙዚቃ የተማረ ልጅ ሒሳብ ይጎብዛል» ይላሉ። ለዚህ አባባል ጉልበት የሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 የወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት ነው። የተሞከረውም በሕፃናት ላይ አልነበረም፤ 36 የኮሌጅ ተማሪዎች የሞዛርትን ሙዚቃ ለ10 ደቂቃ ሰምተው በአንድ የቅርጽ ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ከሩብ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ግን ለውጡ ጠፋ። እንዲህ ባለ መሠረት ላይ የቆመ ሙግት ሲፈርስ የሙዚቃ መምህሩንም እንጀራ ይዞ ይፈርሳል።

የእኔ ምክንያት ሌላ ነው። ሕፃናት እርሳስ መጨበጥ ከቻሉ ጀምሮ ያለ ከልካይ ይሥላሉ። ዘጠኝ ዐሥር ዓመት ሲሞላቸው ግን ብዙዎቹ ያቆማሉ። ስንፍና አይደለም፤ ዓይናቸው ከእጃቸው ቀድሞ ስለሚበስል ነው። ልጁ የሣለው መዳፍ መዳፍ እንደማይመስል ያያል፤ ወረቀቱ እስኪበሳ በላጲስ ይፍቃል፤ በመጨረሻም «እኔ ሥዕል አልችልም» ብሎ ይደመድማል። በዚያች ሰዓት ሙያውን የሚያውቅ መምህር አጠገቡ ካለ፣ «ጣቶቹን ተዋቸው፤ በጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሣል» ይለዋል። ልጁም የሚያውቀውን ትቶ የሚያየውን መሣል ይጀምራል። ክፍተቶቹ አንድ በአንድ ሲሠሩ መዳፉ ራሱ ብቅ ይላል። ማንበብ የከበደውን ልጅ «ተሰጥኦ የለውም» ብለን አንተወውም፤ መሣል የከበደውን ግን በዚሁ ቃል እናሰናብተዋለን።

ጥናት ካስፈለገም የተሻለ አለ። በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ 42 ትምህርት ቤቶችን በዕጣ ለይቶ ያነጻጸረ ጥናት፣ የጥበብ ትምህርት በተጨመረላቸው ዘንድ የዲሲፕሊን ጥፋት እንደቀነሰ፣ የጽሑፍ ፈተና ውጤትና ለሌሎች ማዘን እንደጨመረ አሳይቷል። በሒሳብ ረገድ የጎላ ለውጥ አልታየም። አይታይ!

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን፣ በአንቀጽ 31፣ በባህልና በኪነ ጥበብ መሳተፍን የልጅ መብት አድርጎታል። መብቱ በወረቀት ላይ ይከበራል፤ ፈተና ሲቃረብ ግን መጀመሪያ የሚሰረዘው ይኸው ክፍለ ጊዜ ነው።

በዐሥር ዓመታቸው እርሳሳቸውን ያስቀመጡ አዋቂዎችም ተረስተዋል። ማታ ማታ ተቆልፈው የሚያድሩ መማሪያ ክፍሎችና የሕዝብ አዳራሾች ለእነርሱ ቢከፈቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከሰል፣ ሸክላና ወረቀት ርካሽ ናቸው፤ ውዱ መምህሩ ነው። ስለዚህ በጀት ሲጠየቅ ከቀለምና ከብሩሽ በፊት የመምህሩ የሥራ መደብ ይጠየቅ።